የክንዷ ልክ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ የመስኮቱን መስታወት ሲልስ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወጣሁ፣ የሦስት ዓመት ውሃ ይዤ፣ ለማኅደር ላደርስ።
ፈትለወርቅ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
"እስቲ የፋይሎቹን ስም ጥራ" አለች፣ ልትስቅ ዳር ዳር ብላ።

ጠራኋቸው፦
ገራዶ የመጨረሻ። ገራዶ የመጨረሻ ሁለት።
ገራዶ እውነተኛው የመጨረሻ። ገራዶ ይሄን ክፈት።
"አንተ ብትሞት" አለች፣ "ማን ይፈታዋል ይሄን ቅኔ?
ለማያውቅህ ሰው ነው የምናኖረው፤ ላንተ አይደለም፣ አይደለም ለኔ።"

ስም ስናወጣላቸው ረፈደ፤
ጉድጓድ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በሰረዝ እየታሰረ ሄደ።
"ይሄ 'ዜሮ አንድ' ያልከው ወር መስከረም ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጥር?"
ዝም አልኩ። ጣቴ በዓምዱ ላይ ወርዶ ውሃውን ሲቆጥር፣
ከአፋፉ ሦስት ክንድ ብቻ፤ ጉድጓዱ ሞልቷል።
"መስከረም ነው" አልኩ፤ ውሃው ራሱ መስክሯል።

ከዚያ ባዶው መጣ።
የሁለት ሺህ አሥራ አራት የጥቅምት ማለቂያ፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ።
ነጩን ማየት አልወድምና ዜሮ ዘርቼበት ነበር፣ እንደ ገብስ።
"እንዳንተ አያያዝ" አለች፣ "ጉድጓዱ በበጋ አፉ ድረስ ሞልቶ ፈሷል።
እውነት ፈሷል?"
አልፈሰሰም። ውሃው በቦታው ነበረ፤
የሚለካው ሰው ነው ያልነበረ።
እሷ ያን ጊዜ የት እንደነበረች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።
ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ለቀምን፤ ለለቀማ ችኮላ የለም።
በምክንያቱ ዓምድ ሁለት ቃል ጻፈች፦ "መድረስ አልተቻለም"።
መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ቀጥሎ ሰው።
ጦይባ ሙሄ፣ ጉድጓድ ሰባት፣ ፊደል ያልቆጠረች፣
ቀን በታተመበት ደብተር ሰረዝ እያሰመረች፣
ለአንድ ክንድ አንድ ሰረዝ፣ ለአንድ ጣት አንድ ነጥብ፣
ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ቁልቁል ሰዳ መልሳ ስትስብ፣
ንጋት በንጋት። ከውሉ ግርጌ አውራ ጣቷ አለ።
"ስም ይውጣ" ይላል ውሉ። ወጣ። "መ ሰባት" ተባለ።
ግን የመጀመሪያው ቀን፣ ከክርኗ እስከ መሐል ጣቷ
በሜትር ለክቻት ነበር፦ አርባ ስድስት። ይሄን ማን ያወጣዋል?
ያለሱ ቁጥሩ ሁሉ ዲዳ ነው። ስሟን ፍቀን ክንዷን አስቀረን።
"ደውልላት" አለች ፈትለወርቅ፤ "ከመዝገብ ስትወጣ ታውቀው እንጂ።"

"ኸይር ነው?"
"ኸይር ነው። ስምዎን ልናወጣ ነው፣ እንደ ውሉ።"
"ስሜ ውሃ አይቀዳ፣ ይውጣ። ባይሆን ይቺን እንዳትረሱ፦
በመጨረሻው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ እጄ ወልቆ ወጌሻ ጋ ነበርኩ፤
የለካችው ልጄ ናት። ክንዷ ከኔ ሁለት ጣት ያንሳል።
አልነገርኩህም እንዴ?"

አልነገረችኝም።
ምዕራፍ አራት ላይ "ምክንያቱ ያልታወቀ የውሃ መሸሽ" ብዬ፣
ከነግራፉ ሦስት ገጽ አትቼ፣
ፈታኞቹ ራሳቸውን ነቅንቀውልኝ፣ ካባ ለብሼ፣ ፎቶ ተነሥቼ...
ውሃው የትም አልሸሸም።
አንዲት ልጅ ናት፣ የእናቷን ገመድ በራሷ ክንድ የለካች።

ፈትለወርቅ መነጽሯን አወረደች።
"አንብቡኝ" በሚለው ፋይል ግርጌ፣ ቃሉን በአፏ እያለች ጻፈች፦
"ጉድጓድ ሰባት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣
ከየካቲት ሦስት እስከ መጋቢት ሃያ፦ የለካው ሌላ ክንድ ነው፤ አርባ ሁለት።"
ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፈች ዞር አለች።
"ልጅቷስ ስሟ ማን ነው?"
"አላውቅም።"
"እንግዲያ የሚወጣ ስም የለም" አለችና
ተጫነችው።